ፍርሃቴን በአማርኛ የተረጎምኩበት ቀን

ሁለት ዓመት ሙሉ ሞቴን ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ቀልዴን አይደለም። በሃያ አምስት ዓመቴ፣ እንጨት የሚፈልጥ ክንድና ሁለት ሰው የሚያጠግብ ምሳ ብቻዬን የሚጨርስ ሆድ ይዤ፣ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ «በቃ፣ ዛሬስ ሄድኩ» እል ነበር። ሳልሄድ ቀርቼ ይኸው ሽበቴን እያከክሁ እጽፍላችኋለሁ። ከእናንተ መካከል ዛሬም እንደዚያው ሞቱን የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው ይህን ጉዴን የማወጣው።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ለውጡ ሊመጣ አምስት ስድስት ዓመት ሲቀረው። ነቀምት ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ። አባቴ ከመንዝ በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። እናቴ እዚያው አጠገብ ያለችው የጉቴ ልጅ ናት። ከአባቴ ጋር በአማርኛ እየተከራከርኩ፣ ከእናቴ ጋር በኦሮምኛ እየተጨቃጨቅሁ ስላደግሁ፣ ሥራው ሲገኝ ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ መሰለኝ።

የዚያን ጊዜ ችሎት እንዴት እንደነበር ለማታውቁ ትንሽ ላስረዳ። የፍርድ ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ብቻ ነበር። በኦሮምኛ የተነገረ ቃል አስተርጓሚ ካልገለበጠው በቀር እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ሰብሳቢው ዳኛ አቶ ኦላና የጊምቢ ሰው ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። ጸሐፊው ይሰማል፣ ጠበቆቹ ይሰማሉ፣ በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳይቀር ይሰማል። ግን እኔ እስክናገር ድረስ ሁላችንም እንዳልሰማ ሰው ተኮፍሰን እንቆማለን። ሌላው ደንብ ደግሞ አስተርጓሚ «እንዲህ አለች፣ እንዲህ አለ» አይልም። በባለጉዳዩ ቦታ ሆኖ «እኔ» ነው የሚለው። ስለዚህ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ባል ሞቶብኝ፣ ሁለት ጊዜ በሬ ተሰርቆብኝ፣ አንድ ጊዜ ሰው ገድዬ ቤቴ እገባለሁ። እናቴ «ምን ሆነህ ነው ፊትህ የጠቆረው?» ስትለኝ «ሥራ ነው» ብዬ አልፋታለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ነው። ከአንድ የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ሳሙና እየገዛሁ ነበር። ምንም የሆነ ነገር የለም፤ ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አልገፋኝም። በድንገት ልቤ እንደ ነጋሪት ትመታ ጀመር። አየር አጠረኝ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ የገበያው ድምፅ ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ። «ልሞት ነው» አልኩት ነጋዴውን። እሱም ደንግጦ ወንበርና ውሃ አቀረበልኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሕመሙ ተወኝ። ሳሙናውን ይዤ ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ቀድሞ የነበረው ሰው አልነበርኩም።

ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ደረቴን ከፊትም ከኋላም አዳምጦ «ልብህ የፈረስ ልብ ነው፣ ሂድ ሥራህን ሥራ» አለኝ። እንዳልደነግጥ የደበቀኝ መሰለኝ እንጂ አላመንኩትም። እናቴ የሰው ዐይን ነው አለች። አባቴ «ጠጅ አብዝተህ ይሆናል» አሉኝ፤ ጠጅ እንደማልቀምስ እያወቁ። ፍርሃት ራሱ እንዲህ አድርጎ ሰውን እንደሚጥል የነገረኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ገበያ መሄድ ተውኩ። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ፤ እሑድ ሰው ይበዛል። ቀጥሎ ሰርግ። የትም ስገባ መጀመሪያ የማየው በሩን ነው። የቀረኝ ቦታ ችሎቱ ብቻ ነበር፤ እዚያም ከበሩ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ስለምቆም ነው የደፈርኩት።

አዴ ዲንቂቱን፣ በአማርኛ እመት ዲንቂቱ እንደ ማለት ነው፣ ያገኘኋቸው በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለሁ ነው። ከዲጋ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጡ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተው ሁለት ሴት ልጆች ይዘው ቀርተዋል። በአገሩ የቆየ ልማድ የሟች ወንድም መሬቱን ብቻ ሳይሆን ሚስቲቱንም ይወርሳል፤ ዳላ ይሉታል። የባላቸው ወንድም ኦቦ ዋቅጅራ፣ አቶ ዋቅጅራ እንደ ማለት ነው፣ ሁለት ሚስት እያሉት ሦስተኛ ሊያደርጓቸው መጡ። አዴ ዲንቂቱ እምቢ አሉ። ኦቦ ዋቅጅራም «እንግዲያው ከወንድሜ መሬት ውጪልኝ» ብለው በሬ ጠምደው ገቡ። አዴ ዲንቂቱ «ፍርድ ቤቱ የልጆቼን ውርስ ያስመልስልኝ» ብለው የከሰሱት በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ሰኔ ላይ ነበር። ቃላቸውን መስጠት እንደጀመሩ ያ ነገር መጣብኝ። አላስቻለኝም፣ ሮጬ ወጣሁ። ለዳኛው «ወባ ተነሥቶብኝ ነው» ብዬ ዋሸሁ። ሌላ አስተርጓሚ በሥፍራው ስላልነበረ ጉዳዩ ለሐምሌ መጨረሻ ተቀጠረ። ስወጣ አዴ ዲንቂቱ ከፍርድ ቤቱ ግንብ ሥር ተቀምጠው ዝናብ ያበሰበሰውን ነጠላቸውን እየጨመቁ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ያ እይታቸው አንድ ወር ሙሉ እህል ነሣኝ።

የሐምሌው ቀጠሮ ቀን ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶታል። አዴ ዲንቂቱ በዚያ ቀን ካልተሰሙ ጉዳዩ ጥቅምት ይገባል። እስከዚያ ኦቦ ዋቅጅራ ጤፋቸውን ዘርተው፣ አርመው፣ «ይኸው በእጄ ነው» ይላሉ። ጎጆውን ቢነጥቁም የሚከለክላቸው የለም። አዴ ዲንቂቱ ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ወይ ሦስተኛ ሚስት ይሆናሉ፣ ወይ መንገድ ላይ ይወድቃሉ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ክሱን የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

አዴ ዲንቂቱ በጠዋቱ በረንዳው ላይ አገኙኝ።

«አካም ቡልተ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ፤ እንዴት አደርክ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ናጋ፣ አዴ» አልኩ፤ ደህና ማለቴ ነው። «እርስዎስ?»

«እኔማ በእግሬ መጥቼ ደክሞኛል። አንተ ግን ከእኔ የባሰ የደከመህ ትመስላለህ» አሉኝ በኦሮምኛ። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።

ችሎቱ ተሰየመ። ኦቦ ዋቅጅራ ካባቸውን ደርበው ከጠበቃቸው አጠገብ ቆመዋል። ጠበቃው ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ፍርድ ቤቱን እንደ ራሱ ሳሎን የሚንጎራደድበት ሰው ነበር። አዴ ዲንቂቱ ማሉ። እኔም ማልኩ። መናገር ጀመሩ።

«ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነኝ» አልኩ በአማርኛ። «ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ።»

ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ልጀምር ስል መጣ። መጀመሪያ ጣቶቼ። ቀጥሎ ደረቴን የጨመቀኝ ነገር። ልቤ በጉሮሮዬ ልትወጣ ደረሰች። የዳኛው ፊት ብዥ አለብኝ። በሩን አየሁት። ሦስት እርምጃ ነው። አንዱን ተራመድኩ።

«አስተርጓሚ!» አሉ ዳኛው። «ምን ሆንክ?»

አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም።

ጠበቃው ወዲያው ብድግ አለ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አስተርጓሚው ባለፈውም እንዲሁ ታሞ ነበር። ሌላ አስተርጓሚ ደግሞ የለም፣ ባልደረባው ለሥራ ወደ ቆላ ወርዷል። ለጤናውም ስንል ጉዳዩ ከክረምት በኋላ ይቀጠርልን።» ለጤናዬ የተቆረቆረልኝን ብታዩ ወንድሜ ነው ትሉ ነበር።

ዳኛው ብዕራቸውን አነሡ። ቀጠሮ ሊጽፉ ነው። ሁለተኛውን እርምጃ ተራመድኩ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ደቂቃ አዴ ዲንቂቱ ከነልጆቻቸው ገደል ቢገቡ ግድ አልነበረኝም። የምፈልገው በሩን ብቻ ነው።

ያን ጊዜ አዴ ዲንቂቱ እጄን ያዙኝ። ባለጉዳይ አስተርጓሚን መንካት ክልክል ነው፤ ፖሊሱ እንኳ ደንግጦ ባለበት ቀረ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በኦሮምኛ ቀስ እያሉ ይነግሩኝ ጀመር። የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል «ኢንሶዳቲን» የሚል ነው፤ አትፍራ።

ጠበቃው ጮኸ። «ክቡር ፍርድ ቤት! ከሳሿ ከአስተርጓሚው ጋር በችሎት ፊት እየተንሾካሾከች ነው! እየተመካከሩ ነው! የተባለው ሁሉ ቃል በቃል ይተርጎምና መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ፤ በዚያም አስተርጓሚው ይነሣልኝ!»

ያ ሰው ኦሮምኛ አሳምሮ ያውቃል። ምክር አለመሆኑንም ያውቃል። ግን ዕድል አገኘሁ ብሎ ቸኮለ።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። መጀመሪያ አዴ ዲንቂቱን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። «አቤቱታው ተገቢ ነው» አሉ። «ከሳሿ ያሉትን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይድገሙት። አስተርጓሚ፣ ትተረጉማለህ። ጸሐፊ፣ ትጽፋለህ።»

አዴ ዲንቂቱ እጄን ሳይለቁ ተናገሩ። እኔም እየተቆራረጠ በሚወጣ ድምፅ ተረጎምኩ።

«ይህን ልጅ የያዘውን ነገር እኔ አውቀዋለሁ» አልኩ።

«ሞት አይደለም። እኔንም ይዞኝ ነበር።»

የጸሐፊው ብዕር ሲጭር ይሰማል።

«ባሌን በቀበርኩ በአርባ ቀኑ ውሃ ልቀዳ ምንጭ ወርጄ መጣብኝ። ልቤ ሮጠች። ትንፋሽ አጣሁ። እንሥራዬን ጥዬ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።» እዚህ ላይ ትንፋሼ ከዳኝና አቆምኩ። እሳቸውም ጠበቁኝ። «ከዚያ ወዲያ ምንጭ መሄድ ፈራሁ። ልጆቼ ይቀዱ ጀመር። ቀጥሎ መንገዱን ፈራሁ። ቀጥሎ ደጄን። በመጨረሻ ከምድጃዬ አጠገብ የማልነሣ ሴት ሆንኩ።»

እንግዲህ ገምቱት። በፍርድ ቤት ደንብ መሠረት «እኔ» እያልኩ ነው የምተረጉመው። ምንጩን ገበያ በሉት፣ ምድጃውን ከበሩ ሦስት እርምጃ የራቀችው ቦታዬ በሉት። ለእናቴ ያልነገርኩትን፣ ለሐኪሙ ያልነገርኩትን፣ በዳኛ ፊት፣ በመሐላ፣ ጮክ ብዬ እየተናገርኩ ነው። እንባዬ መጣ።

«አንድ ቀን ትልቋ ልጄ ታመመች፣ ውሃ የሚያመጣ ጠፋ። ወረድኩ። ያው ቦታ ላይ ያው ነገር ያዘኝ። ልሮጥ ስል ልጄ ትዝ አለችኝ። እንሥራዬን አቅፌ ቁጭ አልኩ። ‹ግደለኝ እንግዲህ› አልኩት። አልገደለኝም። ዳገት እንደሚወጣ ሰው ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፍ ደረሰ፣ ከዚያ ራሱ መውረድ ጀመረ። እንሥራዬ እስኪሞላ ድረስ እንኳ አልቆየም።»

አዴ ዲንቂቱ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚህ በኋላ ያሉትን ለእኔ ነው ያሉት፤ እኔ ግን ለችሎቱ መተርጎም ነበረብኝ።

«አትሩጥ» አልኩ። «ስትሮጥለት በሚቀጥለው ያው ቦታ ይጠብቅሃል። ተቀመጥ። ትንፋሽህን ወደ ውስጥ አትሻማ፤ ቀስ አድርገህ ወደ ውጭ ልቀቀው፣ ትኩስ ገንፎ እንደምታበርድ። እግርህን መሬት ላይ ጫን። ኒ ደርባ። ያልፋል።»

እንደዚያ እያልኩ እንደዚያው አደረግሁ። ሌላ ምርጫም አልነበረኝም፤ ወደ ውጭ ካልተነፈስኩ ቃሉ አይወጣልኝም። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ጣቶቼ ሙቀት ተሰማቸው። የዳኛው ፊት ጠራልኝ፤ የግንባራቸውን መስመር እንኳ መቁጠር ቻልኩ።

ጠበቃው እንደገና ተነሣ። «ይህ ከክሱ ጋር ምን ግንኙነት አለው?»

«ይተርጎም ያሉት እርስዎ ነዎት» አሉ ዳኛው። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። «ለአስተርጓሚው ወንበር ይሰጠው። ተቀምጦ ይተርጉም። ከሳሽ፣ ወደ ጉዳይዎ ይመለሱ።»

ተቀመጥኩ። አዴ ዲንቂቱም ከተቋረጠበት ቀጠሉ። «ኦቦ ዋቅጅራ የባሌ ወንድም ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። እኔ ግን በሬ አይደለሁም፣ ከመሬት ጋር አልወረስም» አልኩ በአማርኛ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ያ ነገር በመካከል አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ አየኝ። ወደ ውጭ ተነፈስኩና ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ተረጎምኩ። ምስክሮቹ ተሰሙ፤ ሁሉም በዚያው ቀን አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ዳኛው ወደ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ሥራዬን ማጣቴ ነው ብዬ ሄድኩ። በሩን ዝጋ አሉኝ፤ ዘጋሁት። ከዚያ፣ በሥራ ቦታ አንድም ቀን ሲናገሩት ሰምቼ በማላውቀው ኦሮምኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

«ስንት ደቂቃ ይቆያል አለች?»

መጀመሪያ አልገባኝም። በሁለት ቋንቋ ሰምተውታል እኮ። ቀና ብዬ ሳያቸው እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ጭብጥ ብሏል።

«እንሥራ እስኪሞላ አይቆይም ነው ያሉት፣ ጌታዬ» አልኩ።

«እኔን የሚይዘኝ የሞት ፍርድ ያለበት መዝገብ ሲመጣ ነው» አሉ። «ስምንት ዓመት ሆነው። ለሰው ተናግሬ አላውቅም።»

እኚያ ሲያስነጥሱ ፖሊስ ሰላምታ የሚሰጣቸው ሰው! ያን ዕለት ሁለታችንም ተቀምጠን ትንፋሻችንን ወደ ውጭ ስንለቅ ማንም ቢያየን ያበድን ይመስለው ነበር።

ፍርዱ የተነገረው ፍርድ ቤቱ በሚዘጋበት ዋዜማ ነው። ዳኛው በአማርኛ አነበቡ። አዴ ዲንቂቱ አማርኛ አይሰሙም። ገጹ ረጅም ነበር፣ አንቀጽ በአንቀጽ ላይ ተቆልሏል። ሳያቸው ከንፈራቸው ደርቋል፣ ዐይናቸው በሩ ላይ ነው። ያን እይታ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። አስተርጓሚ ከደንቡ ውጭ አይናገርም፤ እኔ ግን እጄን አነሣሁ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከሳሿ ተቀምጠው እንዲሰሙ እለምናለሁ።»

«ይቀመጡ» አሉ ዳኛው።

ትርፍ ወንበር ስላልነበረ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እኔም ለሱሪዬ ሳልሳሳ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ትንፋሻቸው እስኪረጋ ድረስ ችሎቱ በሙሉ ጠበቀን፤ ዳኛውም አልቸኮሉም። ከዚያ በእናቴ ቋንቋ ነገርኳቸው። «አዴ፣ መሬቱ የልጆችዎ ነው። ጎጆውም የእርስዎ ነው። ማንም አይወርስዎትም።»

ግንባራቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው አለቀሱ።

አንባቢዎቼ፣ «ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳንኩ» ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። በሰርጌ ቀን መጣ። አባቴን ስቀብር መጣ። ወደ ዴዴሳ በሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከአንዲት ዶሮ ካቀፈች ሴትና ከመስኮቱ መካከል ተጨንቄ እያለሁ መጣ። ግን በመጣ ቁጥር እያነሰ፣ እየራቀ ሄደ፣ ምክንያቱም አልሮጥኩለትም። ፍርዱ በተነገረ በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ከዚያው ነጋዴ ሳሙና ገዛሁ። «ዛሬስ አትሞትም?» አለኝ። «ዛሬ ጊዜ የለኝም» አልኩት። ይህን ስለው ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ነበር፤ ሳሙናውን ግን ገዝቼ ነው የሄድኩት።

የተለወጠው እንግዲህ ይኸው ነው። ድሮ ፍርሃቱ እንዳይመጣ ስል ሕይወቴን አጠበብኩ። በኋላ ፍርሃቱ ቢመጣም እንደማይገድለኝ አውቄ ሕይወቴን መለስኩ። ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ልባችሁ ደህና ነው ካላችሁ እመኑት፣ እንደ እኔ ሁለት ዓመት አትከራከሩት። ለአንድ ሰውም ንገሩ። አፋችሁ ውስጥ ታስሮ ሲኖር እንደ አውሬ ያስፈራል፤ ስትናገሩት ግን ሌላውም ሰው ለካ ይህንኑ ይዞ ሲዞር ኖሯል። ዳኛዬ ስምንት ዓመት፣ እኔ ሁለት ዓመት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ አሥር እርምጃ ተራርቀን ለየብቻችን ስንሞት ነበር።

እና አሁን ይህን ስታነቡ ደረታችሁ ከጨመቃችሁ፣ ዐይናችሁ በር ከፈለገ፣ በሩን ተዉት። ቁጭ በሉ። እጃችሁን የሚይዝ ሰው ከጎናችሁ ካለ ጥሩት፤ አይፈርድባችሁም፣ ምናልባትም ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ይጠይቃችሁ ይሆናል።